ስልኩ እስኪጮህ፦ ኤክስፐዳይት ለመጀመር ላሰባችሁ

(ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ለተሰበሰቡ ወገኖቻችን በቃል የተናገርኩት ነው፣ ላልነበሩት ይድረስ ብዬ እንዳወራሁት ጻፍኩት።)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ አላችሁ፣ ከዚህ ወጥታችሁ ሌሊት ሺፍት የምትገቡም አላችሁ፣ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳልል ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ኤክስፐዳይት ማለት አስቸኳይ ጭነት ነው። ተራው ጭነት ትልቅ ትሬለር ሞልቶ በቀጠሮው ይሄዳል፣ የኛ ግን አንድ ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት መደብ) ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም አንድ ካርቶን ብቻ፣ ግን አሁኑኑ መነሳት አለበት። የመኪና ፋብሪካን ውሰዱ። ፋብሪካው ዕቃ መጋዘን ውስጥ ቆልሎ አይቀመጥም፣ ወንበሩ ከአንድ ከተማ ሽቦው ከሌላ ከተማ በሚፈለግበት ሰዓት ነው የሚገባለት፣ እና አንዷ ዕቃ ከዘገየች መስመሩ ቀጥ ይላል፣ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ሰዓቱ ይቆጠራል። ስለዚህ ለአንድ ፓሌት ብሎን ብሎ ሙሉ መኪና በሌሊት ተከራይቶ ያስመጣል፣ ከኪሳራው አንፃር ለሱ ርካሽ ነው። ሥራው እዚሁ አካባቢያችን የበዛውም ለዚህ ነው። ዛሬ ፌዴክስ ከስተም ክሪቲካል የሚባለው ድርጅት አክረን አካባቢ ሮበርትስ ኤክስፕረስ ይባል የነበረው ነው፣ ስሙ የተቀየረው በፈረንጆቹ 2000 ነው። ፓንተር መዲና ኦሃዮ ነው፣ ቦልት ቶሊዶ አካባቢ፣ ሎድ ዋን ደሞ ሚሺጋን። በዲትሮይት፣ በቶሊዶ፣ በዴይተን፣ በሲንሲናቲ አድርጎ ወደ ኬንታኪ የሚወርደውን አይ-75ን ገና ብዙ ታውቁታላችሁ። ከመኪና ዕቃ ሌላ የመድኃኒት፣ የአውሮፕላን ክፍል፣ የኤግዚቢሽን ዕቃ ሁሉ አለ፣ ግን ጀማሪ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የፋብሪካ ሎድ (ጭነት) ነው።

ታዲያ ብዙ ሰው ግራ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ኡበር ሲሠራ የነበረ ልጅ መንዳት እችላለሁ፣ ጂፒኤስ እችላለሁ፣ ሌላ ምን ቀረኝ ብሎ ይመጣል፣ እውነትም መንዳቱ አይከብደውም። የሚከብደው ሎዱን ካወረደ በኋላ ኢንዲያና ውስጥ አንድ ትራክ ስቶፕ ቆሞ፣ ስልኩ ሳይጮህ ቀኑ ሲመሽበት ሌሊቱ ሲነጋበት ነው። ይሄ ሥራ ከመንዳቱ መጠበቁ ይበዛል። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ፣ ብሩም እንቅልፉም መኪና መግዛቱም፣ ከዚች ከመጠበቅ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። መጠበቅ የቻለበት ይቆያል፣ ያልቻለበት ጥቂት ወር ነድቶ ቁልፉን መልሶ ይሄዳል፣ ይሄን በዓይኔ ነው ያየሁት።

በመጀመሪያ መኪናውን እንለይ። ትንሿ ካርጎ ቫን ናት፣ ስፕሪንተር፣ ትራንዚት፣ ፕሮማስተር፣ እንደየመኪናዋ ይለያያል እንጂ ሁለት ሦስት ፓሌት፣ በክብደት 3,000 ፓውንድ ገደማ ትይዛለች። ከሷ ከፍ ሲል ከኋላው የተዘጋ ሳጥን ያለው ቦክስ ትራክ አለ፣ ከዛ አልጋ ያለው ትልቁ ስትሬት ትራክ፣ ባልና ሚስት ወይም ሁለት ጓደኛሞች ቲም ሆነው የሚነዱት እሱን ነው።

ሁለት ቁጥር በቃላችሁ ያዙልኝ፣ 10,001 እና 26,001፣ ሁለቱም ፓውንድ ናቸው። የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ጎኑ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፣ ጂቪደብሊውአር የሚለውን ፈልጉ፣ ፋብሪካው መኪናው ከነጭነቱ ይሄን ያህል ይችላል ያለው ነው (ከሱ አሳልፋችሁ ከጫናችሁ ደሞ የሚቆጠረው መኪናው ከነጭነቱ የመዘነው ነው)። 26,001 እና ከዛ በላይ ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ይጠይቃል። ከዛ በታች በተራ መንጃ ፈቃድ ይነዳል፣ ሰው ሁሉ የሚሰማው ይቺን ብቻ ነው፣ ከዛ ሲዲኤል የማይጠይቅ ከሆነ ሕግም የለበትም ብሎ ይደመድማል። አይደለም። ከ10,001 ጀምሮ ከስቴት ስቴት ጭኖ የሚሄድ መኪና ኮሜርሻል፣ ማለትም የንግድ መኪና ነው፣ ሲዲኤል ባይኖርም ሜዲካል ካርድ (የጤና ምርመራ ማረጋገጫ) ይያዛል፣ ሎግ (የሥራና የእረፍት ሰዓት መዝገብ) ይያዛል፣ ዌይ ስቴሽን (መኪና የሚመዘንበት ጣቢያ) ይገባል። ሎጉም 11 ሰዓት መንዳት፣ እሱም ሥራ በጀመራችሁ በ14 ሰዓት ውስጥ፣ ከ8 ሰዓት መንዳት በኋላ 30 ደቂቃ ማቆም፣ ከዛ 10 ሰዓት እረፍት፣ በ8 ቀን ከ70 ሰዓት አለማለፍ ነው። አንድ ሌላ ነገር፣ የሃዝማት (የአደገኛ ዕቃ) ምልክት የሚለጠፍበት ጭነት ከሆነ መኪናው ትንሽ ቫን ቢሆን እንኳ ሲዲኤል ከነሃዝማቱ ያስፈልጋል፣ ዲስፓቸር (ሎድ የሚመድብላችሁ የድርጅቱ ሰው) ምንም አይልም ትንሽ ናት ቢላችሁ እምቢ በሉ።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ ቅድም ሻይ ላይ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። ሕጉ ድሮም ነበረ፣ አዲሱ ነገር ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ መንገድ ላይ በእንግሊዝኛ መግባባት ያቃተው ሹፌር እዛው ከሥራ እንዲቆም መደረጉ ነው። ኢንስፔክተሩ በመጀመሪያ ያናግራችኋል፣ ከየት መጣህ፣ ወዴት ነህ፣ ምን ጭነሃል፣ ወረቀትህን አሳየኝ፣ ከዛ የመንገድ ምልክት ያሳያችኋል። ስልክ ላይ ያለ አስተርጓሚ እዛ ቦታ አይሠራም። ይሄ ደሞ ትልቁን ለሚነዱ ብቻ ይመስላችኋል፣ 10,001 የሆነ ቦክስ ትራክ የሚነዳም አለበት። ስለዚህ ቤት ውስጥ ድምፃችሁን አውጥታችሁ ተለማመዱ፣ እዚህ የተማረ ልጅ ያላችሁ ልጃችሁ ኢንስፔክተር ሆኖ ይጠይቃችሁ፣ የሚጠየቀው እኮ ያው ተመሳሳይ ነገር ነው። ብዙዎቻችን ቋንቋው ጠፍቶን ሳይሆን ዩኒፎርም ስናይ ስለምንደነግጥ ነው ምላሳችን የሚተሳሰረው።

ሜዲካሉ ላይ ሰው የሚወድቅበት ወይ የካርዱ ጊዜ የሚያጥርበት ዋናው ነገር የደም ግፊት ነው። ከ140 በ90 በታች ከሆናችሁ እና ሌላ ችግር ከሌለ ሁለት ዓመት ይሰጣችኋል፣ ከሱ ሲያልፍ ወደ አንድ ዓመት ይወርዳል፣ በጣም ከፍ ካለ ከዛም ያነሰ ነው ወይም ጭራሽ አይሰጥም። መንገድ ላይ ያለው ምግብ ጨውና ዘይት ነው፣ እና ተቀምጣችሁ ነው የምትውሉት። በሶ ያዙ፣ ቆሎ ያዙ፣ ድርቆሽ ያዙ፣ ኢንቨርተር (የመኪናውን ባትሪ ለቤት ዕቃ የሚያሠራ) ካስገባችሁ በትንሽ ምጣድ ሽሮ ይሠራል። ጾም ለሚጾም ሰው ደሞ ይሄ ግዴታ ነው፣ አለበለዚያ ሁዳዴን በድንች ጥብስ ነው የምታሳልፉት።

አሁን ቫን የምትነዱ በደንብ ስሙኝ። ከ10,001 በታች የሆነች ቫን የሰዓት ሕግ የላትም፣ ሃዝማት እስካልጫነች ድረስ ሎግ የሚባል ነገር የለም፣ ማንም ቁም አይላችሁም። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ነፃነት ነው የሚያየው። እኔ ከሥራው ሁሉ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ትራኩን ኢኤልዲው (ሎጉን የሚመዘግበው መሣሪያ) በቃህ ይለዋል፣ ቫኗን በቃሽ የሚላት እናንተው ናችሁ፣ ዲስፓቸሩ ደሞ ኦፊስ ቁጭ ብሎ ቀን ሙሉ ነቅታችሁ መዋላችሁን አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሆነው። ጠዋት 12 ሰዓት ትነሳላችሁ፣ ሎድ ይመጣል ብላችሁ ቀኑን ሙሉ ስልክ ትነካካላችሁ፣ ዩቲዩብ ታያላችሁ፣ አዲስ አበባ ትደውላላችሁ፣ ማታ አራት ሰዓት ሲሆን ልተኛ ስትሉ ስልኩ ይጮሃል፣ 500 ማይል፣ ፒካፑ (ጭነቱን ማንሳቱ) በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ጥሩ ብር። ስትነሱ 16 ሰዓት ነቅታችኋል። ሌሊት ዘጠኝ አስር ሰዓት ላይ፣ ሰውነት በጣም በሚወድቅበት ሰዓት፣ ባዶ ሃይዌይ ላይ 70 ማይል ትሄዳላችሁ። በዚህ ሰዓት ቡናም መስኮት መክፈትም አያድንም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙያ ሥራ በሌለ ሰዓት መተኛት ነው። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ዝም ካለ መጋረጃውን ዝጉና ተኙ፣ እንቅልፍ ባይወስዳችሁም ጋደም በሉ፣ የስልኩን ድምፅ ለዲስፓች ብቻ ከፍታችሁ የሌላውን ሰው ሁሉ ዝጉ። ቤተሰብም ይሄን ይወቅልን፣ ሚስት ወይ እናት ቀን ደውላ አላነሳም ብላ እንዳትቀየም፣ ሥራ ላይ ነው፣ መተኛቱ ሥራው ነው። ካልተኛችሁ ደሞ ሎዱን አልወስድም በሉ። ለምን እምቢ አልክ የሚል ድርጅት ይኖራል፣ ይኑር።

እንቅልፉን ካነሳሁ አይቀር፣ ክረምት፣ በበረዶው ወራት፣ ሞተር አስነስታችሁ ኋላ ላይ አትተኙ። ዲዝል የሚጠቀም የፓርኪንግ ሂተር አለ፣ በባለሙያ የተገጠመ ይሁን፣ ከጎኑ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ አንጠልጥሉ፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ይሄን ሳታደርጉ በጃንዋሪ ሚሺጋን እንዳታድሩ፣ አደራ።

ወደ ብሩ እንምጣ። ፌስቡክ ላይ በማይል ይሄን ያህል አገኘሁ እያለ ደረሰኝ የሚለጥፍ ሰው አለ፣ ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን የተጫነበትን ማይል ብቻ ነው የቆጠረው። እስቲ አብረን እንሥራው። ሎዱ 400 ማይል ነው እንበል፣ 640 ዶላር ይከፍላል፣ በማይል 1 ዶላር ከ60 ሆነ፣ ደስ ይላል። ግን ሎዱን ለማንሳት 110 ማይል ባዶ ሄዳችኋል። ያወረዳችሁበት ከተማ ደሞ ፋብሪካ የለውም፣ እዛ ብትቆሙ ሁለት ቀን ልትቀመጡ ነው፣ ስለዚህ ወደ ደህና ቦታ 150 ማይል ባዶ ተመለሳችሁ። ጠቅላላው 660 ማይል ሆነ፣ በማይል 97 ሳንቲም ማለት ነው። መኪናው የሰው ከሆነ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት አከፋፈል 60 ለሹፌሩ 40 ለባለመኪናው ነዳጁ ከሹፌሩ የሚለው ነው። የናንተ 384 ዶላር ይሆናል። ቫኗ በጋሎን 15 ማይል ብትሄድ 44 ጋሎን ነው፣ በ3 ዶላር ከ60 ወደ 158 ዶላር። 226 ቀረ። ቀጣዩን ሎድ እስክታገኙ ሁለት ቀን ከፈጀ በቀን 113 ዶላር ነው፣ ታክስ ሳይነሳ። እንዳትሠሩ ለማለት አይደለም፣ ጥሩ ሳምንት አለ፣ በጣም ጥሩ ሳምንትም አለ፣ ግን ሎድ ስትቀበሉ ሁልጊዜ ይቺን ሒሳብ በጭንቅላታችሁ ሥሩ፣ ባዶውን፣ የሚመለሰውን፣ የሚጠበቀውን። ዝቅተኛ የሚከፍል ሆኖ ቶሊዶ ወይ ዲትሮይት የሚያወርዳችሁ ሎድ፣ ከፍ ያለ ከፍሎ ሞንታና ከሚጥላችሁ ሎድ ሊሻል ይችላል።

ታክሱን አትርሱ፣ አብዛኛው 1099 ነው፣ ተቀጣሪ ሳይሆን በኮንትራት እንደሚሠራ ሰው ማለት ነው፣ ማንም ከላዩ አይቆርጥላችሁም፣ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬሩ ብቻ 15.3 በመቶ ነው፣ ከዛ ላይ የገቢ ግብሩ አለ። በየሳምንቱ ከገባው ላይ ለብቻ አስቀምጡ፣ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ በ15ኛው ቀን እየከፈላችሁ ሂዱ፣ ዓመት ሙሉ በልቶ ኤፕሪል ላይ መደንገጥ የማኅበረሰባችን ትልቅ ችግር ሆኗል። መኪናው የናንተ ከሆነ ማይላችሁን ጻፉ፣ በ2025 የግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ለቫን የፈቀደው በማይል 70 ሳንቲም ነበር፣ ያልተጻፈ ማይል ግን የለም ማለት ነው።

ሌላው የመጠባበቂያ ብር ነው። የመኪና ፋብሪካዎቹ በልማድ ጁላይ መጀመሪያ ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል ይዘጋሉ፣ ከገና በኋላም ይቀዘቅዛል። በሴፕቴምበር 2023 የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ፎርድ፣ ጂኤም እና ስቴላንቲስ ላይ በአንዴ አድማ ሲመታ በመጀመሪያ ከቆሙት አንዱ ቶሊዶ ያለው የጂፕ ፋብሪካ ነበር። እንግዲህ በዛ መስመር ብቻ የሚኖር ቫን ምን እንደሚሆን አስቡት። ቢያንስ የሁለት ወር የቤት ወጪ ባንክ ሳታስገቡ አትጀምሩ፣ ካላችሁ ሦስት ይሁን። ይሄ ብር መጠበቂያችሁ ነው፣ እሱ ከሌለ የመጣውን የረከሰ ሎድ ሁሉ ትወስዳላችሁ፣ ሳትተኙም ትነዳላችሁ።

አንድ አባት ቅድም ለልጄ ቫን ልግዛለት ወይ ብለው ጠየቁኝ። አባቴ፣ አይግዙለት፣ ገና ነው። መጀመሪያ የሰው መኪና ይንዳ፣ አንድ ክረምትና አንድ ጁላይ ይይ፣ መጠበቁን ከቻለው ያኔ ይግዙለት። መኪናው ላይ ያለው ዕዳ ወር ቆጥሮ ይመጣል፣ ስልኩ ጮኸ አልጮኸ አይልም። ደሞ ኢንሹራንሱ፣ ተራው የግል ኢንሹራንስ የሰው ዕቃ ጭኖ ለሚሄድ አይሸፍንም። በራሳችሁ ኤምሲ (የማጓጓዣ ፈቃድ) ልሥራ ካላችሁ ሕጉ ከ10,001 በታች ለሆነ ቫን 300,000 ዶላር፣ ከዛ በላይ ለሆነ 750,000 ዶላር ሽፋን ይላል፣ ብሮከሮቹ (የጭነት ደላሎቹ) ግን ብዙ ጊዜ 1 ሚሊዮንና ለጭነቱ 100,000 ነው የሚጠይቁት፣ ለአዲስ ሰው ደሞ ዋጋው ይወደዳል። ለዛ ነው ጀማሪ ሰው ድርጅት ሥር ገብቶ ቢጀምር የምመክረው። ከድርጅቱ ራሱ መኪና በኪራይ እየከፈልክ የራስህ ይሆናል የሚሉትን ግን በጣም ተጠንቀቁ። መንግሥት ያቋቋመው አጥኚ ቡድን በጃንዋሪ 2025 እንዲህ ዓይነቱ ውል እንዲከለከል ነው ሐሳብ ያቀረበው፣ መኪናውን ጨርሶ የራሱ የሚያደርግ ሹፌር ጥቂት ነውና።

ውል ላይ፣ የራሳችሁን መኪና ድርጅት ሥር ስታስገቡ የፌዴራል ሕግ ከናንተ ጋር ነው። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። በፐርሰንት የምትከፈሉ ከሆነ ደምበኛው የከፈለበትን ወረቀት የማየት መብት አላችሁ፣ የጭነቱን ወረቀት ካስገባችሁ በ15 ቀን ውስጥ መከፈል አለባችሁ፣ ስትወጡ ኤስክሮው (መያዣ) ብለው የያዙት ብር በ45 ቀን ውስጥ ይመለሳል። ከሰው መኪና ጋር የምትሠሩ ግን ይሄ ሕግ በቀጥታ አይደርስላችሁም፣ ውላችሁ ከባለመኪናው ጋር ነው። የአገሬ ልጅ ነው፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነን ብላችሁ በቃል አትግቡ። ነዳጁ የማን ነው፣ ቶል (የመንገድ ክፍያው) የማን ነው፣ ጎማ ቢፈነዳ፣ ሎድ ቢሰረዝ፣ ዶክ (መጫኛና ማራገፊያው) ላይ አራት ሰዓት ብጠብቅ የዲቴንሽኑ (የመቆያው) ብር ለማን ነው፣ ሁሉም ይጻፍ። መጻፉ ወዳጅነቱን አያበላሽም፣ እንዲያውም ያቆየዋል።

ቦታ ነክ ነገር ደሞ አለ፣ በተለይ የአሳይለም ጉዳያችሁ ላላለቀ። ዲትሮይት ውስጥ የአምባሳደር ብሪጅ መውጫ ተሳስታችሁ ከገባችሁ የምትገኙት ካናዳ ድንበር ላይ ነው፣ በዚህ መንገድ ሳያስቡት የገቡ ሰዎች አሉ። ምልክቱን ወደ ካናዳ የሚለውን ዓይናችሁን ከፍታችሁ እዩ፣ ለዲስፓችም የካናዳ ሎድ እንዳይሰጣችሁ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። ላሬዶ ከጫናችሁ ወደ ሰሜን ስትወጡ አይ-35 ላይ የቦርደር ፓትሮል ኬላ አለ፣ ኦሪጅናል ወረቀታችሁን ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ኒው ዮርክ ደሞ ፓርክዌይ የሚባሉት መንገዶች ላይ የንግድ መኪና አይገባም፣ ድልድዮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ቦክስ ትራክ የምትነዱ የትራክ ጂፒኤስ ይኑራችሁ፣ የመኪናችሁን ቁመት በወረቀት ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉት።

የመጨረሻው ጭነቱን ማሰር ነው፣ በሱ ላይ አልደራደርም። ሺፐሩ (ዕቃውን የሚልከው) በፎርክሊፍት ፓሌቱን ያስገባላችኋል እንጂ አያስርላችሁም፣ ማሰሩ የሹፌሩ ነው። መጀመሪያ ቢኦኤሉን (የጭነቱን ወረቀት) አንብቡ፣ ብዛቱ፣ ክብደቱ፣ የሚሄድበት አድራሻ ዲስፓች ከላከላችሁ ጋር አንድ ነው ወይ። ሦስት ፓሌት ተብሎ ሁለት ካያችሁ ከበሩ ሳትወጡ ደውሉ፣ ከፈረማችሁ በኋላ የጠፋው ዕቃ የናንተ ነው። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት አስጽፉ፣ ፎቶ አንሱ፣ በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ፣ ስታደርሱ በሩን ስትከፍቱ አንድ። ከዛ ማሰሪያው። ለአንድ ፓሌት አንድ ስትራፕ (የማሰሪያ ቀበቶ) አይበቃም፣ ቢያንስ ሁለት፣ ወደፊት እንዳይንሸራተትም ወደ ጎን እንዳይሄድም። 1,000 ፓውንድ ብረት ከጀርባችሁ ተቀምጦ ፍሬን ስትይዙ መኪናው ይቆማል፣ ያልታሰረው ዕቃ ግን አይቆምም፣ እና ከሱ ፊት ያለው የናንተ ወንበር ነው። ከጥቂት ማይል በኋላ ቆማችሁ ድጋሚ አጥብቁት፣ ሲሄድ ይላላል።

ይሄን ግን በቃል ብነግራችሁ አይገባችሁም፣ ስትራፑ ከኢ-ትራኩ (መኪናው ውስጥ ካለው የማያያዣ ሐዲድ) ጋር እንዴት እንደሚያያዝ፣ ራቼቱ (ማጥበቂያው) እንዴት እንደሚጠብቅና እንደሚለቀቅ እጃችሁ ካልነካው ከንቱ ነው። ቫኗ ውጪ ፓርኪንጉ ላይ ቆማለች፣ ውስጧ ባዶ ፓሌትና ስትራፕ አለ። ሌሊት ሺፍት የምትገቡ መጀመሪያ ኑ፣ እናንተ እንድትሄዱ፣ ሌሎቻችን ጊዜ አለን፣ አንድ በአንድ እያሰራችሁ እየፈታችሁ እናየዋለን።